እርማት፦ ሳቲን የአሸማመን ስም ነው፣ የክር ስም አይደለም

«ለኮት ገበር ሳቲን ግዙ፤ ሳቲን ሐር ስለሆነ አየር ያስገባል፣ አያልብም» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ልክ አይደለም።

ሳቲን አሸማመን ነው። ክሩ ብዙውን ከላይ ተንሳፍፎ ስለሚያልፍ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ያንሸራትታል። ከሐርም፣ ከቪስኮስም (ከእንጨት ቃጫ የሚሠራ፣ ላብ የሚመጥ ክር ነው)፣ ከፖሊስተርም ይሠራል። በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ እሱ ደግሞ ላብ አይመጥም። ኮቱ ከላይ ንጹሕ ሱፍ ቢሆን እንኳ ሸሚዙ ብብትና ጀርባ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። በጥሩ ሱፍ ላይ ይህ ሲደርስ ያሳዝናል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጨርቁ ጠርዝ ከቁመቱም ከወርዱም ሁለት ሦስት ክር ምዘዙ፤ በሁለቱ አቅጣጫ የተለያየ ክር ያለው ጨርቅ ስላለ አንዱን ብቻ መሞከር ያሳስታል። ውሃ ባለበት ሳህን ላይ በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሱት። ፖሊስተር ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲበርድ በጥፍር የማይፈርስ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ቪስኮስ ቶሎ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይበናል። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ጥቁሩ ቅሪት በጣት ይደቅቃል።

ስለዚህ ሻጩን «ሳቲን አለ?» ሳይሆን «ቪስኮስ ወይም ኩፕሮ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኩፕሮ ከጥጥ ቃጫ የሚሠራ፣ እንደ ቪስኮስ ላብ የሚመጥ ክር ነው። ቪስኮስ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ ከመቆረጡ በፊት አርጥባችሁ አድርቁት፣ ተኩሱት። በጥንካሬም ከፖሊስተር ስለሚያንስ ልብስ ሰፊው ጀርባው መሐል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እጥፋት ይተውለት፤ አለበለዚያ ክንድ ሲዘረጋ ገበሩ ስፌቱ ላይ ይተረተራል።