ምጽዋን ጣሊያን ብቻውን አልሠራትም

ወንድሜ፣ ትናንት አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን «የምጽዋ አሮጌ ቤቶች በሙሉ የጣሊያን ሥራ ናቸው» ብለህ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ጣሊያን ምጽዋን የያዘው በፈረንጆቹ 1885 ነው። ኦቶማኖች ግን በ1557 ገብተውባታል። የሼክ ሐናፊ መስጊድ ደግሞ ዕድሜው ከ500 ዓመት በላይ ነው! የድሮዎቹ ቤቶች የተገነቡት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ወደ መንገዱ ወጣ ያሉት ባለ ፍርግርግ የእንጨት መስኮቶችም ጅዳ እንዳሉት ዓይነት ናቸው። ቤተ መንግሥቱ እንኳ የተሠራው በ1870ዎቹ፣ በግብፆች ጊዜ ነው። ጣሊያን ምንም አልሠራም እያልኩ አይደለም። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ካፈራረሰ በኋላ ብዙ ገንብቷል፤ የባንኩ ሕንፃ የእሱ ነው። አንተ ያሰብከው አስመራን መሰለኝ።