ለጀማሪ 100 ወይስ 150? ቸርችል ይፍረድ

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የ23 ዓመት ልጅ የሞተር መንጃ ፈቃዱን በዚህ ወር ተቀበለ። ቤቱ ፒያሳ፣ ሥራው ሜክሲኮ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65። በእጁ ያለው ብር ወይ ደህና ያገለገለ ቦክሰር 150፣ ወይ ብዙ ያልተነዳ ቦክሰር 100 ይገዛለታል (ቦክሰር የሞተር ሳይክል ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በሲሲ ነው፣ ሲበልጥ ጉልበቱም ይበልጣል)። የቱን ይግዛ? ሁለት ሰዎች ተከራከሩለት። አንዱ ተክለሃይማኖት ያረጀ ሞተረኛ ነው። ሌላዋ አራት ኪሎ ነዋሪ ናት፣ በየቀኑ ሞተር ነድታ ሥራ የምትገባ።

የተክለሃይማኖቱ፦
100 ይግዛ። እኔ ሞተር የለመድኩት በያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ የግብርና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር የሚነዷት፣ ጭስ እየተፋች የምትሄደዋ። መልክ የላትም። ግን ስህተቴን ሁሉ ችላኛለች። ስድስት ወር ነዳኋትና ሞተረኛ የሆንኩ መሰለኝ፣ የወንድሜን ትልቁን ሞተር ተዋስኩ፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ አንድ ወያላ የሚኒባሱን በር በረገደው፣ በድንጋጤ የፊቱን ፍሬን ጨመደድኩት፣ ከዚያ ሦስት ወር ትከሻዬ ታስሮ ከረመ።

ጀማሪ የሚጎዳው አቅም አንሶት አይደለም። እጁ ከሐሳቡ ስለሚቀድም ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ ይደነግጣል፣ ነዳጅ ያበዛል፣ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ መያዣ፣ ባንዴ ይለቃል። 100 ላይ ይሄን ቢያደርግ ወይ ትጠፋበታለች ወይ ትንሽ ትዘላለች፣ ሰው ይስቅበታል፣ በቃ። አቅም ያለው ላይ ግን ከፊቱ የቆመው መኪና ሥር ነው የሚገኘው።

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ ትከሻዎ ያሳዝነኛል፣ ግን የወንድምዎ ሞተር ስንት ነበር? 400 ነው አይደል? እኛ ስለ 150 ነው የምናወራው። ቦክሰር 150 አዲስ ሆኖ 12 የፈረስ ጉልበት ግድም ነው፣ 100ው ደግሞ 8 ግድም። ያውም ወረቀት ላይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል፤ ስለዚህ እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጥሎ ነው። 8 የተባለው 6 ቢቀረው ነው። እንጦጦማ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ እሱን አያንሡብኝ።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣውን ዳገት ያስቡት። ልጁ እህቱን ከኋላ ጭኗል (ይጭናል፣ ሁሉም በሁለተኛው ሳምንት ይጭናል)፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፣ ከኋላው አይሱዙ ክላክሱን ይነፋበታል፣ በግራው ሚኒባስ ሊቀድመው ጠጋ ይለዋል። የሚሸሽበት ጉልበት የለውም። ክብደት ካሉኝ፣ 150ው ከ100ው የሚበልጠው አንድ ያልሞላ ጄሪካን ውሃ ያህል ነው። ከፍታውም ያው ነው፣ በ1 ሜትር ከ65 ሁለቱም ላይ እግሩ መሬት ይደርሳል።

የተክለሃይማኖቱ፦
የአየሩን ነገር ልክ ነሽ ልጄ፣ አልክድም። ግን መድኃኒት የሌለው አታስመስዪው። ሶማሌ ተራ ወርዶ የኋላውን ጥርስ ትንሽ ሰፋ ባለ ይቀይር። ሰንሰለቱ የሚያዞረው ጥርስ በሰፋ ቁጥር ሞተሩ ዳገት ይወዳል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይቀንስ! ከፒያሳ ሜክሲኮ በየቱ መንገድ ነው ከ60 በላይ የሚነዳው? ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩንም መካኒክ ይይለት፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የነዳጇን ቀዳዳ በአነስተኛ ሲቀይሩለት የሄደው ጉልበት ሁሉ ባይመለስም ማነቁ ይቀርለታል።

ደግሞ ስለ ዳገት ብቻ አወራሽ። የወጣ ይወርዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው የማቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ ነው፤ 150 የያዘ ልጅ ደግሞ ቸርችልን ቁልቁል በ30 አይወርድም። እኔም አልወረድኩም።

የአራት ኪሎዋ፦
ጥርስ ይቀይር፣ ካርቡሬተር ያስነካ፣ እሺ፣ ግን አዩት ጋሼ? የመረጡለት ሞተር ገና ሳይነዳ ጋራዥ ገባ።

መውደቁን ካነሡ እኔም ወድቄያለሁ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ፣ ግንቦት ውስጥ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው። ወራት ሙሉ መንገዱ የጠጣው ዘይትና ናፍጣ በዚያ ዝናብ ነው ብቅ የሚለው፤ አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል። የምነዳው በ25 ነበር። ማለቴ፣ ቦክሰር 100ም ብነዳ እወድቅ ነበር። የጣለኝ የሞተሩ መጠን አይደለም፣ ጎማው ነው። ያገለገለ ስገዛ ደላላው ጎማውን በጥቁር ቀለም አብርቶት ነበር፣ እኔ ደግሞ ታንኩ ላይ ያለውን ሥዕል ሳደንቅ ነበር።

የተክለሃይማኖቱ፦
አየሽ! ራስሽ አመጣሽው። ለጀማሪ ያገለገለ 150 ማለት ይሄ ነው። ጀማሪ ሞተር መንዳት ብቻ ሳይሆን ሞተር ማየትም አያውቅም። ብዙ ያልተነዳ 100 የሚደብቀው ነገር ያንሳል።

እሺ፣ ያገለገለ ይግዛ ካልሽ ቢያንስ ይሄን ይወቅ። ሻጩ ሳያስነሣው በፊት እጁን ወደ ሞተሩ ያስጠጋ። ከሞቀ፣ ጠዋት በብርድ የማይነሣ ሞተር ሊሆን ይችላል፣ አሙቀው ጠብቀውት ይሆናል። መሪውን ቀስ ብሎ ግራ ቀኝ ያዙረው፣ መሐል ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ ተመትቷል ወይ አልቋል። ሰንሰለቱን ከኋላ ጥርሱ ላይ በጣቱ ይሳበው፣ ከጥርሱ ላይ ከተነሣ አልቋል፣ ያው ወጪ ነው። ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር፣ ደላላው «ምን ትጠራጠራለህ፣ የሰፈር ልጅ ነው» እያለ ቢያዋክበውም።

የአራት ኪሎዋ፦
ይሄንን ዝርዝር እኔ ስገዛ የት ነበሩ?

በዚህ እስማማለሁ። የሞተር አዋቂ ይዞ ይሂድ። ግን መጠኑ ላይ አልተረታሁም። 100 የገዛ ልጅ በስምንት ወር ይሰለቸዋል፣ ይሸጠዋል፣ ይከስራል። 150 የገዛ ሦስት ዓመት ይነዳዋል። እኔ የማልመክረው ከዚያ በላይ ያለውን ነው፣ አፓቼ 180 ምናምን። 17 የፈረስ ጉልበት ግድም ነው፣ ለዘመድ ሠርግ ያምራል፣ ፊቱ ቶሎ የሚነክስ ዲስክ ፍሬን አለው፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ የደነገጠ ጀማሪ እጅ የሚጨመድደው ግን ያንኑ ዲስክ ነው።

እና ኤሌክትሪክስ? አየር አይበላም፣ ከፍታ አያውቅም፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ዳገት ላይ አይጠፋ። አንዳንዴ ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

የተክለሃይማኖቱ፦
ፍሪሲዮን ሳይለምድ ሞተረኛ ነኝ ሊል? እሺ፣ ይሄ የሽማግሌ ወሬ ነው፣ ተዪው። ግን ልጁ በኪራይ ቤት ነው፣ በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤተሰብ ያለበት ግቢ። ቻርጅ የሚያደርግበትን መጀመሪያ አከራዩዋን ይጠይቅ። መብራት ሲጠፋም ሥራ አለ።

ሌላ ያልተነሣ ነገር። ከተማው በ2011 ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይነዳ ከልክሎ ነበር። ብር ከማውጣቱ በፊት በምን ፈቃድ እንደሚነዳ ይጠይቅ፣ ያለበለዚያ 100ም 150ም ግቢ ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ነው። ሄልሜትም አዲስ ይሁን፤ የወደቀ ሄልሜት ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ያበቃለት ሊሆን ይችላል።

የአራት ኪሎዋ፦
ሄልሜት ላይ ክርክር የለኝም። ፈቃድም ላይ።

የተክለሃይማኖቱ፦
እንግዲያው በወሬ አንጨርሰውም። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ መኪና ሳይበዛ፣ ልጁን ቸርችል ግርጌ ለገሃር ይዘሽው ነይ። ጥርሷ የተቀየረ 100 አለችኝ። አንቺ የራስሽን አምጪ። በሁለቱም ተራ በተራ ቸርችልን እስከ ማዘጋጃ ይውጣ፣ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ ይነሣ። እኛ አንናገርም፣ እሱ ይንገረን። የተረታ ጨጨብሳ ይጋብዛል።

የአራት ኪሎዋ፦
እስማማለሁ ጋሼ። ግን እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ይሁን። የኋላ ጎማዬን ገና አልቀየርኩትም።