አቃቂን ለማጽዳት ግንቦት ላይ መጣጭ መኪና ላኩ

አዲስ አበባ ውስጥ ክረምት ሲገባ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ የማያወራው ሥራ አለ። ዶፍ በሚጥልበት ሌሊት የሽንት ቤት ጉድጓዶች ይከፈታሉ። አንዱ ቀድሞ የቀበራትን ቱቦ ይከፍታል፤ ሌላው የጉድጓዱን ጎን በዶማ ይነድላል። ጎርፉ ጠራርጎ ወደ መንገድ ዳር ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ጠዋት ሰፈሩ ይሸታል። ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ያልፋል እንጂ አይናገርም። ነገ የእሱም ጉድጓድ ይሞላላ።

ስለ ወንዝ ብክለት ሲነሳ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው የፋብሪካ ቱቦ ነው። ፋብሪካዎቹ ከደሙ ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም፣ ጨርቅ የሚነከርበት ቀለም መሄጃው ወንዝ ሆኖ ኖሯል። ግን ለአቃቂ ወንዝ ያንን መልክና ያንን ሽታ የሰጠው ከፋብሪካው ባላነሰ የእኛው የቤት ፍሳሽ ነው። ይህንን ለማውራት እናፍራለን። ፋብሪካ መኮነን ይቀላል፤ ሽንት ቤት ግን የሁላችንም ነው።

ውኃው የት እንደሚሄድ እንከተለው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራሮች ይወርዳሉ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲቀጡ፣ ቡልቡላ የምንላቸው የሰፈር ወንዞች እየተቀላቀሏቸው ከተማውን ያቋርጣሉ። ከዚያ ኦሮሚያ ገብተው አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳሉ። አባ ሳሙኤል የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው የሚባለው። ዛሬ እምቦጭ ተንሰራፍቶበታል፤ ከእኛ የሚወርደው ፍሳሽ ለአረሙ ማዳበሪያ ነውና። ከአባ ሳሙኤል በኋላ አዋሽ ነው። ቆቃ፣ ወንጂ፣ መተሐራ እያለ አፋር ይወርዳል። አዳማ ከተማ የሚጠጣው ከአዋሽ ተስቦ የተጣራ ውኃ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ጫፍ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እንደ ዓባይ ድንበር የሚሻገር ቢሆን ኖሮ ከታች ያለው አገር ገና ድሮ ጉድ ባሰኘን ነበር። አዋሽ ግን የራሳችን ነው፤ የጣልንበት ሁሉ እዚሁ ይቀራል።

ሕግ አጥተን አይደለም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በ2001 የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ ደረጃው እንዲያመጡ የአምስት ዓመት እፎይታ ሰጣቸው። አምስቱ ዓመት ካለቀ ቆየ። አዲስ አበባም በ2017 የወንዞችን ብክለት የሚከለክል የራሷን ደንብ ጠንከር ካለ ቅጣት ጋር አውጥታለች። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን በእነዚህ ዓመታት አንድ ቦታ ረግቶ አልተቀመጠም። ባለሥልጣን ነበር፣ ሚኒስቴር ሆነ፣ ከዚያ ኮሚሽን፣ ከዚያ ተመልሶ ባለሥልጣን። አዋሽን ከምንጩ እስከ መጨረሻው እንዲያስተዳድር ተቋቁሞ የነበረው የተፋሰስ ባለሥልጣንም ታጥፎ ሚኒስቴር ውስጥ ገብቷል። ታፔላ ጻፊዎች ሥራ አላጡም።

የሸገር ወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክትስ? በ2011 ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትርና 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር። አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ እራት የበላበት «ገበታ ለሸገር» የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። አልጠላሁትም። በአንዳንድ ቦታ ወንዙ ቆሻሻ መጣያ መሆኑ ቀርቶ ሰው ከልጆቹ ጋር የሚሄድበት ሆኗል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው ካላየው ወንዝ አይሟገትለትም። ነገር ግን ዳርቻው አበባ ተተክሎለት ውኃው እንደነበረ ከወረደ፣ ያሳመርነው መቀመጫውን ነው። አቃቂ ቃሊቲ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ እምብዛም ነው።

ታዲያ ጉድጓዱን ለምን ዝናብ ላይ ይለቁታል? ክፋት ብቻ አይደለም። የቀበሌ ቤቶች ያሉበትን አንድ ግቢ እንውሰድ። ብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት ይጋራል። ጉድጓዱ ይሞላል። መጣጭ መኪና ለማስመጣት መዋጮ ይጠየቃል። «እኔ ቤት ሁለት ሰው ነው ያለነው፣ እኩል አልከፍልም» ትላለች አንዷ። «ተከራይ ነኝ፣ አከራዬን ጠይቁ» ይላል ሌላው። «የሞሉት የእናንተ ልጆች ናቸው» ይባባላሉ። ገንዘቡ እስኪሞላ ሳምንታት ያልፋሉ። ከተሟላም ወረፋ አለ፤ የግሉ መኪና ደግሞ ውድ ነው። መኪናው ሲመጣ መንገዱ ይጠበዋል፤ ቱቦው አይደርስም፣ ተጨማሪ ቱቦ፣ ተጨማሪ ብር። በዚህ መሃል ሐምሌ ይገባል። ዝናቡ በነጻ ነው።

ከተማው በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ የሚያጣራ ጣቢያ ቃሊቲ ላይ አለው። ጥሩ ነው። ግን ጣቢያ የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው። ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘው ቤት እጅግ ብዙ ነው፤ ወንዝ ዳር ተጠጋግተው ያሉት ጎጆዎች ደግሞ መስመሩ በቅርብ የሚደርሳቸው አይመስለኝም። ለእነሱ ትልቅ የቅጣት ቁጥር የያዘ ደንብ ማንበብ ምን ይጠቅማቸዋል? መዋጮ ያጣ ሰው ቅጣት ከየት ያመጣል?

የትብብር ነገር ሲነሳ እኔ የምወደው የራይን ወንዝ ታሪክ ነው። ራይን ከስዊዘርላንድ ተነስቶ፣ የፈረንሳይን ጠርዝ ታክኮ፣ በጀርመን አልፎ ሆላንድ ውስጥ ባሕር ይገባል። አልሳስ ውስጥ የነበረ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ የሚያወጣ የፈረንሳይ ማዕድን ማውጫ በብዛት ጨው ይደፋበት ነበር። ከታች፣ ሆላንድ ውስጥ፣ በዚሁ ውኃ ችግኝና አትክልት የሚያለሙ ሰዎች እርሻቸው ተጎዳ። ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1974 ማዕድን ማውጫውን ከሰሱ። በ1976 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጉዳቱ በደረሰበት አገርም መክሰስ ይቻላል ብሎ በሩን ከፈተላቸው። በ1988 የሆላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ከክሱ ጎን ለጎን አገሮቹ ተቀምጠው ጨዉን የመቀነሻውን ሂሳብ ተካፈሉ፦ ሆላንድ 34 በመቶ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ 30 30፣ ስዊዘርላንድ 6። አዎ፣ ትልቁን ድርሻ የያዘችው ተጎጂዋ ሆላንድ ናት። ያናድዳል። ግን ጨው ያነሰበት ውኃ ትፈልግ ነበርና ከፈለች።

እንዲያም ሆኖ እውነተኛው መንቃት የመጣው ከጥፋት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ያጠፋው ውኃ ፀረ ተባዩን ይዞ ወንዝ ገባ፤ ዓሣ አለቀ። በማግስቱ ዓመት አገሮቹ «እስከ 2000 ሳልመን ዓሣ ራይን ይመለስ» ብለው ተስማሙ። ሳልመኑም ተመለሰ። ግቡ ዓሣ ስለነበር መሳካት አለመሳካቱን ዓሣ አጥማጅም መናገር ይችላል፤ ሪፖርት አይጠበቅም።

እኛም ሞክረናል። አፓፕ የተባለ የመብት ድርጅት በ1998 ዓ.ም. በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ሰበብ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። አዋጅ 300 ግን አሁንም እዚያው አለ፤ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የሆላንዶቹን ቦታ እዚህ የሚይዙት በአቃቂ ውኃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን የሚያለሙት ገበሬዎች ናቸው። ሞተራቸውን ወንዙ ዳር ተክለው ያንኑ ውኃ ይስባሉ፤ ሌላ የላቸውም። አትክልቱ ተመልሶ እኛው ሳህን ላይ ይመጣል። ተመራማሪዎች ቅጠሉ ላይ ከባድ ብረቶች አገኘን ባሉ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ገበሬው ላይ ነው። «መርዝ እያበሉን ነው!» ይባላል። ከላይ የቆመው ጅብ ከታች የምትጠጣዋን አህያ «ውኃውን አደፈረሽብኝ» እንዳላት ማለት ነው። እሷም «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የወንዝ ጉዳይ ኮሚቴ ከተዋቀረ የመጀመሪያውን ወንበር እነዚህ ገበሬዎች ይያዙ። የአዳማ ውኃ አገልግሎት፣ የወንጂና የመተሐራ ሰዎች፣ የአፋር አርብቶ አደሮችም ይቀመጡ። ፋብሪካዎቹም ይምጡ፤ የፍሳሻቸው ምርመራ ውጤት በየወሩ ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ይህን ያህል አያስቸግርም።

ገንዘቡ ደግሞ መጀመሪያ መጣጭ መኪና ላይ ይዋል። በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ወንዝ ዳር ላሉ የጋራ ሽንት ቤቶች ማስመጠጥ ነጻ ወይም ለነጻ የቀረበ ይሁን። ጠባብ መንገድ የሚገባ ትንሽ መኪና ይገዛ። ከፋዩ ማን ነው ካላችሁ፣ አብዛኛውን አዲስ አበባ ትክፈል፤ የምታቆሽሸው እሷ ናት፣ ገንዘብም ያላት እሷ ናት። የቀረውን ውኃው የሚደርሳቸው ይጨምሩ። «ደሃ ለምን ይሸለማል?» የሚል ሰው እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሽልማት አይደለም። ገበሬው፣ የአዳማ ሰውና እኛው ራሳችን የምናተርፍበት ነው። ከ29 ቢሊዮን ብር አጠገብ ሲቀመጥም ሂሳቡ የሚያስደነግጥ አይመስለኝም።

ከተማው በሙሉ ባይሆን እንኳ ቀበና ዳር ባለ አንድ ወረዳ ይሞከር። አሁን ከአንድ ድልድይ በላይና በታች የውኃ ናሙና ይወሰድ። ግንቦት ላይ ጉድጓዶቹ ይመጠጡ። መስከረም ላይ እንደገና ናሙና ተወስዶ ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ይለጠፉ። ለውጥ ካልታየ እኔም ወደ ፋብሪካው ቱቦ ተመልሼ እጮኻለሁ።