ሄጂሞኒ በማኪያቶ

እነዚህን ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያመሰግን መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ሃያ ሁለት አካባቢ በአንዲት ካፌ በረንዳ ላይ፣ በየጠዋቱ ማኪያቶ ይዘው የዓለምን የኃይል ሚዛን የሚያስተካክሉትን ማለቴ ነው። ዋሽንግተን ገና እንቅልፍ ላይ ሳለች እነሱ ጥለዋታል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዶላር ተቀብሯል። አራት ሰዓት ላይ አውሮፓ ታሪክ ሆናለች። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ በነፃ ነው። የማኪያቶውን ሂሳብ እንኳ ብዙ ጊዜ የምከፍለው እኔ ነኝ።

የበረንዳው አውራ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ስሜ ከወጣ ሲአይኤ ዕረፍት አይሰጠኝም ብለዋል።

ጋሼ አንድ ቃል ይወዳሉ፤ ሄጂሞኒ፣ የአንድ ኃይል የበላይነት እንደማለት። ሽንኩርት ሲወደድ ሄጂሞኒ ነው። መብራት ሲጠፋ ሄጂሞኒ ነው። ባለፈው የካፌዋ ስኳር አልቆ ሲዘገይባቸው እስያ ያለውን የማላካን የባሕር ሰርጥ ጠቅሰው አስረድተውናል። «አንተ ልጅ፣ ነገሩን ከላይ ከላይ አትየው» ይሉኛል። እኔም ከላይ ከላይ ላለማየት ስል ዝም እላለሁ። ቃሉ በእርግጥ ድንቅ ነው። ውሃ ለምን ሁለት ሳምንት ጠፋ ብሎ ወረዳ ቢኬድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ይባላል። ሄጂሞኒ ግን ስብሰባ የለበትም። በፈለጉት ሰዓት ይረገማል፣ ቀጠሮም አይጠይቅም። ይህን የተረዱ የወረዳ ኃላፊዎች የጋሼን የማኪያቶ ሂሳብ ቢሸፍኑ አይበዛባቸውም።

ቃሉን እንዲህ ያስከበረው ሰው ማን እንደሆነ አንድ ቀን ላወራቸው ሞክሬ ነበር። አንቶኒዮ ግራምሺ ይባላል፣ ጣሊያናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የሙሶሊኒ መንግሥት ይዞ አሰረው። እስር ቤት ውስጥ ሆኖ ከ30 የሚበልጡ ደብተሮች ጻፈ። ጤናው ተበላሽቶ ሮም ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የሞተው ሚያዝያ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የካቲት 12 ካለፈ ሁለት ወር ከሳምንት ቢሆነው ነው። በእኛ ላይ መርዝ ከአውሮፕላን ያርከፈከፈው ሰውዬና እሱን ያሰረው ሰውዬ አንድ ናቸው።

የግራምሺም ነገር ጠቅለል ሲል ይህ ነው። ገዢ በዱላ ብቻ አይገዛም። ተገዢው ወዶና ተስማምቶ፣ የጌታውን ምኞት የራሱ ምኞት አድርጎ እንዲኖር ያደርገዋል። ዱላው የሚወጣው መስማማቱ ሲጎድል ነው።

ጋሼ አዳመጡኝና «እሱ ጣሊያን ነው፣ ምን ያውቃል?» አሉ። መልስ አጣሁ።

ደግሞም ጋሼ ለሥራው አዲስ አይደሉም። በወጣትነታቸው አብዮት አደባባይ ቆመው፣ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አንስተው «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ብለዋል። ያኔ ነፃ አውጪዋ ሞስኮ ነበረች። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የመጣው በሶቪየት ታንክ ነው። እኛም በ1970 መልሰን ያስወጣነው በኩባ ወታደርና በሶቪየት ታንክ ነው። የሞተው የእኛ ልጅና የእነሱ ልጅ ነው፤ ታንኮቹ ግን ዘመዳማቾች ነበሩ። ይህን ያኔ ጮክ ብሎ የተናገረ አድሃሪ ይባል ነበር። አሁን ደግሞ የምዕራብ ተላላኪ ይባላል። ዕድገት አለ።

ዛሬ ጋሼ የብሪክስ፣ የእነ ቻይናና ሩሲያ ማኅበር፣ ደጋፊ ናቸው። ደጋፊ የምለው እንደ አርሰናል ደጋፊ ነው። ቡድኑ ቢሸነፍም ጥፋቱ የዳኛው ነው። በታኅሣሥ 2016 መንግሥታችን ለዩሮ ቦንድ (ለውጭ አበዳሪዎች በዶላር የተሸጠ የብድር ሰነድ) ባለቤቶች መክፈል የነበረበትን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። ለመክፈያ የተሰጠው የእፎይታ ቀን ካለቀ ሳምንት ግድም ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024፣ የብሪክስ አባል ሆንን። በረንዳው ላይ የነበረውን ደስታ ባያችሁ! ጋሼ የዚያን ዕለት ሁለት ማኪያቶ ጠጡ። ዶላርን ቀበሩት፤ አርባውንም አወጡለት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። አይኤምኤፍም በዚያው ዕለት 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከሞት መነሳት ማለት እንዲህ ነው። ጋሼ ግን አልደነገጡም። «ዶላር ሊሞት ሲል ይፈራገጣል» አሉ። አሳላፊዋ የማኪያቶውን አዲስ ዋጋ ስትነግራቸው ግን ትንሽ ተፈራገጡ።

ስለ ብሪክስ ባንክ የማውቀውን አልነገርኳቸውም። በአባል አገሮች ገንዘብ እናበድራለን ብሎ ግብ ያደረገው ከብድሩ 30 በመቶውን ነው። ግቡ ቢሳካ እንኳ የቀረው 70 በመቶ በምን እንደሚሰጥ ለጋሼ መንገር ግፍ ነው።

ሮበርት ኮክስ የሚባል ካናዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ንድፈ ሐሳብ ሁሉ ለሆነ ወገንና ለሆነ ዓላማ ነው ብሎ ጽፏል። ሂሳዊ ነን የሚሉት ሁሉ ይህን አባባል ሳይጠቅሱ አያልፉም። ጋሼም በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። የሲኤንኤን ትንታኔ ባለቤት አለው። የቢቢሲም አለው። ጋሼ ቴሌግራም ላይ ያገኙት ብቻ ከሰማይ የወረደ ነው።

አንድ ጊዜ ጅቡቲን አንስተን ነበር። አሜሪካ እዚያ የጦር ሰፈር አላት። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 የራሷን ከፈተች። ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ጣሊያንም አሉ። በጋሼ ትንታኔ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት የሚጀምረው እዚያ ነው። እስከዚያው ግን አከራዩዋ ኪራይ ትሰበስባለች። አሜሪካ ብቻዋን እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማምታለች። ከላይ እንዳልኩት እኛ ያልከፈልነው 33 ነበር። ከወጪና ገቢ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈውም በዚያችው በር ነው። ጅቡቲ ውስጥ ስለ ሄጂሞኒ የሚተነትን በረንዳ ይኑር አይኑር እንጃ። ጫት ከእኛ ይገባላቸዋል፣ ትንታኔውን ግን አልላክንም።

ሚያዝያ 2014 ላይ ደግሞ ብዙ ወጣቶች ሰነዳቸውን ይዘው እዚሁ አዲስ አበባ ሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ተሰለፉ። ዩክሬን ሄዶ ለሚዋጋ ገንዘብ ይከፈላል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነው። ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም አለ። በረንዳው ላይ ግን ሰልፉ «የአፍሪካ ሕዝብ የአንድ ወገን የበላይነትን እምቢ ማለቱ» ተብሎ ተተነተነ። ልጆቹ በር ላይ ስለ አከፋፈሉ ይጠይቁ እንደነበር ያነሳ አልነበረም። ሥራ አጥነት ለንድፈ ሐሳብ በጣም ተራ ነገር ነው።

የውጭዎቹ ወንድሞቻችንም ምስጋናቸውን ይውሰዱ። ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ፣ የአሜሪካ ፓስፖርቱ መሳቢያ ውስጥ፣ በዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት «የኢምፓየሩ የመጨረሻ ቀናት» የሚል ሰው ጀግና ነው። ጣሪያው ሊወድቅ ነው እያለ ከቤቱ አልወጣም። እንዲያውም ወንድሙን ሊያስመጣ ፎርም ሞልቷል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። አንድ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል ካፌው ውስጥ ለብቻቸው ጥግ ይዘው አገኘኋቸው። በረንዳው ላይ አለመሆናቸው አስደነገጠኝ። ግራ ቀኙን አዩና ጠጋ በል አሉኝ። የሆነ ጦርነት የተጀመረ መሰለኝ።

«ይቺ ዲቪ የምትሏት ነገር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በስልክ ትሞላለች?»

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ዘንድሮ አሥራ አንደኛዬ ነው። በፊት የሚሞላልኝ ልጅ ካናዳ ገባ።»

ትንሽ ዝም አልኩ። ጋሼ ዝምታዬ ገባቸው። «ከውስጥ ነው የሚፈርሰው» አሉ። «ግንብን ከውጭ ገፍቶ የጣለ የለም።» ግራምሺ ዱላ በሌለበት የሚሠራውን ኃይል ለማስረዳት ያን ሁሉ ደብተር ባልጨረሰ፤ ጋሼን አንድ ጠዋት ቢያገኛቸው ኖሮ አንድ ገጽ ይበቃው ነበር።

መሙላቱን ያዝን። ስም፣ የልደት ቀን፣ የትምህርት ደረጃ። የትዳር ሁኔታ ላይ ስንደርስ ተከዙ፤ እሱን ዘለልነውና ወደ ፎቶው ሄድን። ከነጩ ግድግዳ ጋር አቆምኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንገታቸውን ቀና፣ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። አብዮት አደባባይ ያሉ ነበር የሚመስሉት። አንስቼ አየሁት። ፀጉራቸው ወርዶ አንዱን ጎን ሸፍኖታል።

«ጋሼ፣ ግራው አልታየም» አልኳቸው። «ግራ ጆሮዎ።»

ፀጉራቸውን በእጃቸው ወደ ኋላ አደረጉና «ድገመው» አሉኝ።