እርማት፦ ማኅተም ያለበት ፎቶ ዘላለም የፎቶ ቤቱ አይደለም

እህቴ፣ ጎንደር ፒያሳ ያለ አንድ ፎቶ ቤት የእናትሽን የ1979 ዓ.ም. የሰርግ ፎቶ «ጀርባው ላይ የሌላ ስቱዲዮ ማኅተም አለበት፣ አላባዛም» ብሎ መልሶሻል። ብዙ ሰውም «ልክ ነው፣ ማኅተም ካለ መቼም አይነካም» ብሎ ደገፈው። ተሳስታችኋል።

ማኅተሙ ከንቱ አይደለም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ስብስብ ውስጥ ያልገባ፣ መጽሐፍ ላይም ያልወጣ ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካለበት ነው። ያቺ ቀለሟ የደበዘዘ ማኅተም ሥራዋ ይኸው ነበር። ግን ጥበቃው የሚቆየው ፎቶው ከተነሳ 25 ዓመት ነው። የእናትሽ 2004 ላይ አልቋል።

«ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የእኔ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ሌላ መብት ቀላቅለሃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ መስቀልን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ፎቶ ቤቱ የምርቃት ፎቶህን ሳይጠይቅህ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ደንበኛ ቢጠራበት የምትጠቅሰው እሱን ነው። (ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ብዙ ናቸው!)

እህቴ፣ ነገ ስትሄጂ ፎቶውን ገልብጠሽ ዓመቱን አሳዪው። በስልክሽ ያነሳሻቸውንም ያለ ሐሳብ አሳጥቢ፤ አንሺዋ አንቺ ነሽ።