ከፍ ይበልልን አጥራቸው

የጓሮ አጥሩን ሊያስረዝም ማመልከቻ ይዞ ቢሮ የሚቆም ሰው ሳይ ብድግ ብዬ እጅ መንሣት ይቃጣኛል። ቀላል ሰው አይደለማ! ጎረቤቱን «እንደምን አደሩ? በዚህ በኩል ባለው መስኮት መጋረጃ ቢያደርጉልኝ» ማለት ይችል ነበር። ይህን አጭርና ነጻ መንገድ ንቆ ረጅሙን መርጧል። ቀያሽ ይጠራል፣ ፕላን ያሠራል፣ የማመልከቻ ክፍያ ይከፍላል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ሁለት ዐረፍተ ነገር ከአፉ ላለማውጣት ይህን ሁሉ የሚሠዋ ሰው ክብር ካልተሰጠው ለማን ሊሰጥ ነው? ስለዚህ ከዚህ በኋላ በአንቱታ ነው የምጠራቸው፤ ክቡር ባለአጥር።

ክቡር ባለአጥር አጥር የሌላቸው እንዳይመስላችሁ። አላቸው። ያውም ሕጉ እስከፈቀደው ጥግ ድረስ። በእንግሊዝ የጓሮ አጥር እስከ 2 ሜትር ያለ ፈቃድ ይታጠራል፤ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሆነ ግን 1 ሜትር ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የጓሮ አጥር ልኩ 6 ጫማ ነው፣ 1.8 ሜትር ግድም። ይህ ከአብዛኛው ሰው አናት ያልፋል። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ተመስገን ብሎ ወንበሩን ያወጣል። ክቡርነታቸው ግን አርቀው ያስባሉ። ጎረቤት ቢንጠራራስ? መሰላል ቢያመጣስ? መሰላል አምጥቶ እሳቸው ጋዜጣ ሲያነቡ ማየት ምን ይጠቅመዋል አትበሉ። ጎረቤት አይታመንም።

ማመልከቻውን ያነበበ ሰው ደግሞ ብዕራቸውን ያደንቃል። «ጉዳዩ፦ የአጥር ቁመት ጭማሪን ይመለከታል» ይልና ምክንያቶቹን ያሰልፋል። ሕፃናት። ውሻ። ንፋስ። አቧራ። የመኪና መብራት። ማሳረጊያው «አጠቃላይ ደኅንነት» ነው፤ ከምን እንደሆነ አይገለጽም። (ሕፃናቱ አድገው የራሳቸውን ቤት ከያዙ ቆይተዋል። ውሻው ደግሞ ሶፋ ላይ ነው የሚውለው። እንዲያው ነገሬ ላይ ይግባ ብዬ እንጂ ለክፋት አይደለም።) ጎረቤቱን ግን አንድም ቦታ አያነሡትም። ጨዋ ናቸው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ገበና የሚሸፍኑበት ዘዴ ነው። ገበናን ለመሸፈን መጀመሪያ አደባባይ ላይ መዘርጋት! ከማመልከቻው ጋር የግቢው ንድፍ ይያያዛል። የት እንደሚቀመጡ፣ የት ፀሐይ እንደሚሞቁ፣ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ወዴት እንደሚያይ በልኬት ይሰፍራል። ፎቶም አለ፣ ከየአቅጣጫው። በብዙ አገር እንዲህ ያለ ፋይል ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያያል። ለአዋሳኞችም ደብዳቤ ይላካል፤ እከሌ አጥር ሊያስረዝሙ ነውና ቅሬታ ካለዎት ያቅርቡ የሚል። እስከዚያች ቀን ድረስ ያ ጎረቤት ወደ ክቡርነታቸው ጓሮ ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። የራሱ ጣጣ መች አነሰው? ደብዳቤው ሲደርሰው ግን መነጽሩን ፈልጎ መስኮት ላይ ይወጣል። ሚስቱንም ይጠራል። «ምን ደብቀው ነው?»

ቀጥሎ ፈቃዱን የሚወስነው ቦርድ ስብሰባ ነው። ከመደበኛው ልክ በላይ ልዩ ፈቃድ የጠየቀ ሰው፣ ብዙ ቦታ፣ ችግሩ ከመሬቱ የመነጨ እንጂ ራሱ ያመጣው አለመሆኑን ማስረዳት አለበት። ማለትም የሚቸገረው ሰውዬው ሳይሆን መሬቱ መሆን አለበት። ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም። ተነሥተው ቆሙ፣ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ፣ ስለ መሬታቸው ሥቃይ ተናገሩ። መሬቱ በዚያ በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ይላል። ምሽት ላይ ይገለጣል። ከጎረቤት በኩል ይታያል። ምስኪን መሬት! ከሰብሳቢዎቹ አንዷ «ጎረቤትዎን አነጋግረዋቸው ነበር?» ብትላቸው እንደ ነውር ቆጠሩት። ሰው በሕግ አምላክ ብሎ ቢሮ በመጣበት ጊዜ እንዲህ ያለ የመንደር ጥያቄ ይጠየቃል?

አንድ ምቀኛ ደግሞ እዚያው ወረቀት አውጥቶ ሒሳብ ሠራ። የጎረቤት ቤት ፎቅ ነው። መስኮቱ ላይ የቆመ ሰው ዐይን ከመሬት 4.5 ሜትር ላይ ነው እንበል፣ መስኮቱም ከአጥሩ 5 ሜትር ይርቃል። ወንበር ላይ የተቀመጡት የክቡርነታቸው አናት 1.2 ሜትር ላይ ነው። አጥሩ 1.8 ሜትር ሲሆን ከዐይን የሚጋርዳቸው ከሥሩ 1.1 ሜትር ድረስ ነው። ወደ 2.4 ሜትር ቢያድግ 3 ሜትር ለመሙላት ትንሽ በሚጎድለው ርቀት ይጋርዳቸዋል። የቀረው ጓሮ እንደተገለጠ ነው። እንግዲህ ወንበራቸውን አጥሩ ሥር ለጥፈው፣ ጣውላ ጣውላውን እያዩ ይቀመጣሉ። ነጻነት ማለት ይህ ነው።

ንፋሱንም አንርሳው። ያ ድፍን አጥር ንፋሱን እንደ ሸራ ይቀበለዋል። ቁመቱ ከ1.8 ወደ 2.4 ሜትር ሲያድግ ቋሚውን ከሥሩ የሚገፋው ጉልበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። አጥሩ የወደቀ ዕለት የሚወድቀው ጎረቤት ግቢ ነው፤ ያን ጊዜ መነጋገራቸው ላይቀር ነው።

ክቡርነታቸው በዚህ መንገድ የመጀመሪያው አይደሉም፤ ታላላቅ ሰዎች ቀድመዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ፣ ኖብ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ ቱጃሩ ቻርልስ ክሮከር የአካባቢውን ቦታ ሲጠቀልሉ ኒኮላስ ዩንግ የሚባል አንድ ጎረቤት በሚሰጡት ዋጋ አልሸጥም አላቸው። ክሮከር ማመልከቻ በመጻፍ ጊዜ አላባከኑም። የሰውየውን ቤት በሦስት በኩል 40 ጫማ በሚደርስ አጥር ከበቡት፣ 12 ሜትር መሆኑ ነው። ፀሐዩንም አየሩንም ወሰዱበት። አጥሩ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ለዓመታት ቆሞ ነበር። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 ጎረቤትን ለማናደድ ተብሎ ከ6 ጫማ በላይ የሚታጠረውን አጥር የሚከለክል ሕግ አወጣ። እንዲህ ጥበብን የሚያቀጭጭ ሕግ የትም አይጠፋም።

ቦርዱ ቢከለክላቸውስ? ተክል አለ። ተክል እያደገ ሲሄድ ማን ያስቆመዋል ብለው ነበር፤ በእንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከ2 ሜትር ያለፈ የማይረግፍ የዛፍ አጥር ላይም ጎረቤት አቤት ማለት ይችላል። ለነገሩ ክቡርነታቸው ይህን ያህል አልተጨነቁም፤ ቦርዱ ፈቀደላቸው። አናጢው መጣ፣ አጥሩ ቆመ፣ 2.4 ሜትር። የጎረቤት የምድር ቤት ሳሎን ከቀትር በኋላ ጨለመ፤ የአትክልት መደቡም ጥላ ውስጥ ገባ።

ጎረቤትም ሰው ነውና ማመልከት ተማረ። ፎቁ ላይ ወደዚያው ጓሮ የሚወጣ ሰፊ በረንዳ እንዲፈቀድለት ጠይቋል። ምክንያቱ ብርሃን ማጣት ነው። ቦርዱ ፋይሉን ሲመረምር ችግሩን ያመጣው አመልካቹ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ብዙ አልደከመም፤ የአጥሩ ፈቃድ ቁጥርና ቀኑ እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ። ንድፉን አያይዟል፣ ፎቶውንም። መስፈርቱን አንድ በአንድ አሟልቷል፣ ያውም በክቡርነታቸው ወጪ።