ከመጠለያ የወጣ ውሻ ለነፍስ አድን ሥራ ይታመናል?

የክርክሩ መነሻ ይህ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእንስሳት መጠለያ ውሾችን እየመረጠ፣ ፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው እንዲፈልጉ አሠልጥኖ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች በነፃ የሚሰጥ ድርጅት አለ። በ1996 የመሠረቱት ዊልማ ሜልቪል የተባሉ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ሕንፃ በቦምብ ሲፈርስ፣ መርፊ ከምትባል ውሻቸው ጋር ፍለጋው ላይ ነበሩ።

ተቃዋሚ፦ ሐሳቡ ልብ ይነካል፣ አልክድም። ግን ኮንክሪት ሥር ላለ ሰው የሚያስፈልገው አስተማማኝ ውሻ ነው። እናት አባቱ የሚታወቅ፣ ከቡችላነቱ ለዚሁ ሥራ ያደገ ውሻ እያለ፣ ትናንት ማን እንደደበደበው የማናውቀውን ለምን እንመርጣለን? ፍርሃት እኮ ተደብቆ ይቆያል። ወራት ከለፉበት በኋላ የመቆፈሪያ ማሽን ሲያጓራ ጭራውን ወሽቆ ቢቆምስ? ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ መጠለያ ስለገባ ብቻ የተበላሸ ውሻ አደረግከው። እዚያ ከሚጣሉት መካከል ጥፋታቸው እረፍት ማጣት ብቻ የሆነ አሉ። ሶፋ የሚቦጫጭቅ፣ አጥር የሚዘል፣ ኳስ ካየ የሚያብድ ውሻ አፓርታማ ውስጥ መከራ ነው፤ ለፍለጋ ግን የሚፈለገው እሱ ነው።

አመራረጡን ተመልከት። ኳሱን ያሳዩትና ረጅም ሣር ውስጥ ይወረውሩታል። ብዙው ውሻ ትንሽ አነፍንፎ ይተወዋል። አንዱ ግን ሌላ ውሻ ቢጮህ፣ ሰው ቢጠራው ዞር ብሎ አያይም፤ አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ቀብሮ ኳሱን እስኪያገኝ ይዞራል። እሱን ነው የሚወስዱት። ሥልጠናውም እዚሁ ላይ ይጀምራል፦ ሰው ኳሱን ይዞ በርሜል ውስጥ ይደበቃል፣ ውሻው አነፍንፎ ይደርስበታል፣ ይጮኻል፣ ክዳኑ ይከፈትና ኳሱን ይሸለማል። ቀስ በቀስ በርሜሉ ይቀርና ሰውየው ፍርስራሽ ክምር ውስጥ ይደበቃል። በመጨረሻም የፌማ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ፈተና አለ፤ ውሻው ይለፍ አይለፍ እንጂ የት ተወለደ ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ላይ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል።

ተቃዋሚ፦ እሺ፣ ጎበዙ ይሠራል እንበል። አንድ ለማግኘት ግን ስንት መጠለያ ይዞራል? የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ደግሞ በዘር ይወርዳል፣ የእነዚህን ወላጆች ማን አየ? ሌላም አለ። ሰው የጣለውን ውሻ መልሶ የተሰበረ ብረት ላይ መላክ ይከብደኛል።

ደጋፊ፦ ዳሌው በራጅ ይታያል። ዘሩ የታወቀ ቡችላም ዋስትና የለውም፤ ሥራውን መውደዱን ለማወቅ እስኪያድግ ትጠብቃለህ፣ የመጠለያው ግን ጠባዩ ዛሬውኑ ይታያል። ስለ አደጋው ልክ ነህ፣ ለዚህም ነው ብረት እንዳይዘው ያለ አንገት ማሰሪያ የሚገባውና በሚንሸራተት ነገር ላይ ቀስ ብሎ መርገጥ የሚማረው። ሥልጠናው ያልሆነለትንም ወደ መጠለያ አይመልሱትም፤ ሌላ ሥራ ወይም ቤት ይፈልጉለታል፣ ዕድሜ ልኩን ይከታተሉታል። እነዚህ ውሾች በ2001 ኒው ዮርክ፣ በ2010 ሄይቲ፣ በ2023 ቱርክ ተልከው ሠርተዋል።

ተቃዋሚ፦ መሥራታቸውን አላስተባበልኩም። ሥልጠና ከጀመሩት ስንቱ እንዳለፈ፣ ስንት ዓመትስ እንደሠራ፣ ከሁለቱም ወገን ጎን ለጎን ይቀመጥልኝ። የመጠለያዎቹ እኩል ከሆኑ እቀበላለሁ። እስከዚያ ግን የእርባታ ውሾች ይቅሩ ለሚል ሰው እጄን አልሰጥም።